«ምንም አልተገኘም» ብለን ስላስከፈልናችሁ ገንዘብ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን የምጽፈው መኪና ጋራዣችን አድራ ስትመረመር ካለፈው ወር ጀምሮ ስለምንቀበለው 2,500 ብር የማደሪያ ምርመራ ክፍያ ነው። ቅር ብሏችኋል። ደውላችሁ የተናገራችሁኝ አላችሁ። ለእኔ ሳትነግሩኝ ለሌላ ሰው ያወራችሁም አላችሁ፤ እሱም ዞሮ ደርሶኛል። «ምንም ሳያገኙ ገንዘብ ተቀበሉኝ» ነው የተባለው።

ጥፋታችንን ላስቀድም። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ዝም አልን። ሰው መኪናውን ሊወስድ መጥቶ ካሸሯ ጋ ሲደርስ ዋጋ መስማት አልነበረበትም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክፍያው ራሱ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ይህን ሙያ የጀመርኩት በላዳና በዲኤክስ ነው። ያኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ማለት ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ፊውዝና የተቃጠለ ሽቦ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ተበላሽቶ ይጠብቅሃል። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲወሰን ግቢያችን በኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በቢዋይዲና በአይዲ 4፣ ሞላ። የነዚህ ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። ማታ ይመጣል፣ ጠዋት የለም።

ከሁሉ በላይ የምትጠይቁኝ «ቆማ፣ ተቆልፋ፣ ለምን ድምፅ ታሰማለች?» ብላችሁ ነው። የቆመች የኤሌክትሪክ መኪና ተኝታለች እንጂ አልጠፋችም። ከወለሉ ስር ካለው ትልቁ ባትሪ ሌላ እንደ ድሮዎቹ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት። በር የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ትንሹ ሲደክም ብዙዎቹ መኪኖች ራሳቸው ይነቁና ከትልቁ ይሞሉታል። ያን ጊዜ በውስጥ ያለው ማብሪያ «ጣ!» ይላል። ቻርጅ ከተደረገች በኋላም ፓምፑና ፋኑ ባትሪውን ለማቀዝቀዝ ሊዞሩ ይችላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም። ማታ 68 በመቶ ትታችኋት ጠዋት 66 ብትልም ሌባ አልመጣም። በተለይ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ባትሪ ሲጎድልም ቮልቴጁ ብዙም ስለማይለዋወጥ መኪናዋ የቀራትን በግምት ታሰላለች፤ ግምቷን ስታርም ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል።

ትንሹ ባትሪ በጣም ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ኤርባጉም አንድ ላይ ይጮኻሉ። ዳሽቦርዱ ደመራ ይመስላል። ሰው ይደነግጣል፤ ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ያለቅሳል። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ግን ትንሹ ነው።

አንዲት ደንበኛችን ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። መኪናዋ በሌሊት መስታወቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መብራቷን ብልጭ ታደርጋለች። ጥበቃው «ትጠቅሰኛለች» ብሎ ሥራ ሊለቅ ደረሰ። ጠበልም ተረጭቶባታል (የረጩት እናት ሲነግሩኝ አልሳቅሁም፣ እኔም ትንሽ ፈርቼ ነበር)። ሁለቴ ሄድን፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ጋቢዬን ይዤ ሄጄ እዚያው ግቢ ወንበር ላይ አደርኩ። ለካ ሪሞቱ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ መኪናዋ ከግድግዳው ማዶ ናት። የሪሞቱ ምልክት አንዴ ይደርሳታል፣ አንዴ ይጠፋባታል። ባለቤቴ መጣች ስትል ትከፍታለች፣ ሄደች ስትል ትቆልፋለች። ሪሞቱን መኝታ ቤት አስገባነው፤ አለቀ። ለዚያች ሌሊት የተቀበልኩት አንድ ስኒ ቡና ነው። ቡናው ጥሩ ነበር፣ ግን ለሠራተኛ ደመወዝ አይሆንም።

አንድ መኪና ለምን አንድ ሌሊት እንደሚፈጅ ብዙ ሰው አያውቅም። ቆማ የምትወስደውን ኃይል ለመለካት መጀመሪያ መተኛት አለባት። በር በከፈትን ቁጥር ትነቃለች። ስለዚህ ኮፈኑን ክፍት ትተን መቆለፊያውን በካቻቪቴ አታለን፣ ሪሞቱን አርቀን፣ እስክትተኛ አንዳንዴ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። በደንብ የተኛች መኪና ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው የምትወስደው። በቅርቡ አንዷ ግማሽ አምፔር፣ የዚያን አሥር እጥፍ፣ ስትወስድ አገኘናት። ትንሽ ይመስላል። ግን 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ትንሹ ባትሪ በዚህ አካሄድ በ90 ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ አራት ቀን እንኳ አይሞላም። ጥፋተኛው ሌላ ቦታ የተገጠመ ጂፒኤስ ነበር። ሰውዬው ግን መጀመሪያ የጮኸው እኛ ላይ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ግቢያችን አራት መኪና ነው የሚይዘው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ሳሪስ መጣን፤ ኪራዩ ድሮ ከምንከፍለው ጋር አይነጻጸርም። የመመርመሪያው ሶፍትዌር በየዓመቱ በዶላር ይታደሳል። ዶላሩ ደግሞ ሐምሌ 2016 ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 100ን አለፈ። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆነው ጓንትም ከተቀደደ አይጠገንም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ደህና፣ ትንሽም ቢሆን እንድታዝኑልኝ ነው።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ከላዳ ዘመን ጀምሮ ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ። የመጀመሪያውን ቴስተሬን የገዛሁት እሳቸው የሥራ ዋጋ አስቀድመው ከፍለውኝ ነው። አሁን የያዟት ነጭ መኪና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስክሪኗ በራሱ ይበራል። አራት ሌሊት እኛ ጋ አደረች። እንደ መነኩሴ ጸጥ። ልጆቹ ተራ ገብተው ጠበቋት፣ እኔም አንዱን ሌሊት አደርኩ። ሂሳብ ተቀበልናቸው፣ የአንዱን ሌሊት ብቻ። በዚያው ማታ ቤታቸው ስክሪኗ በራ። ደውለው «አንተም እንዲህ ሆንክ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ምክንያቱን አላገኘነውም። የመረመርነውን ግን አንድ በአንድ ጽፈን ሰጥተናቸዋል፤ ሌላ ጋራዥ ቢሄዱ እንኳ ከዜሮ አይጀምሩም። «ምንም አልተገኘም» ስንል እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን ማለታችን አይደለም።

ስለዚህ ክፍያው ይቀጥላል። ብልሽቱ ተገኝቶ እኛው ከጠገንነው 2,500ው ከሂሳቡ ይቀነሳል። ትንሹን ባትሪ መለካትና በስልክ ማማከር እንደ ድሮው በነፃ ነው። መኪና ከማደሩ በፊት ዋጋው ተነግሯችሁ ትፈርማላችሁ። ሳይነገራችሁ የከፈላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እንመልሳለን። ጋሼ፣ የእርስዎን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ከፈቀዱልኝ መኪናዋ አጠገብ አንድ ሌሊት አድራለሁ። ጋቢ አለኝ።

ሌሎቻችሁ እስክትመጡ ድረስ ሪሞታችሁን ከበሩ አጠገብ አትስቀሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት