ጂ ፕላስ አራት መሥራት ለማይችል ጂ ፕላስ አንድ ይፈቀድለት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ አዲስ አበባ የቤት ችግር በተጻፈ ቁጥር የሚነሳው ኮንዶሚኒየም፣ ሪል እስቴትና የሊዝ ጨረታ ነው። እኔ የምጽፍልዎ ግን በራሱ ካርታ፣ በራሱ ግቢ፣ በራሱ ገንዘብ ቤት ልሥራ ብሎ ፈቃድ ስለሚከለከለው ሰው ነው።

የምተዳደረው የመኖሪያ ቤት ዲዛይን በመሥራት ነው። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ሰዎች መቶ ወይም መቶ ሃያ ካሬ ላይ ያረፈ፣ ከወላጅ የወረሱት የጭቃ ቤት ያላቸው ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። አሮጌውን አፍርሼ በብሎኬት ልሥራው፣ ከላይ ሁለት ሦስት ክፍል ላውጣና ላከራየው ይላሉ። ካርታቸውን ይዤ ከግንባታ ፈቃድ በፊት የሚወሰደውን የፕላን ስምምነት ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስም አንድ ዓይነት ነው። አካባቢው በፕላኑ ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት ተብሏል፣ ዝቅተኛው ከፍታ ጂ ፕላስ አራት (ምድር ቤትና ከላዩ አራት ወለል) ነው፣ ከዚያ በታች አናስተናግድም።

በእድራችን ያሉ አንዲት እናት ለምሳሌ ይበቁኛል። ቤታቸው ወደ መንገዱ ያለው ግድግዳ ማገሩን ምስጥ ስለበላው ወደ ውጭ አዘንብሏል፤ በሁለት የባሕር ዛፍ ባላ ተደግፎ ነው የቆመው። ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሏቸው። በአንዱ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከልጇ ጋር ትኖራለች፣ በሌላው ባልና ሚስት፣ በሦስተኛው ሁለት የታክሲ ረዳቶች ተዳብለው። ልጃቸው ከውጭ ብር ሲልክላቸው ቤቱን በጂ ፕላስ አንድ ለመሥራት ንድፉን አዘጋጀሁላቸው። ከላይ አራት የሚከራዩ ክፍሎች፣ መጸዳጃና ማብሰያ ያላቸው። ፈቃድ ተከለከሉ። ቢያንስ ላድሰው ብለው ተመልሰው ጠየቁ። ቆርቆሮ መቀየር ይቻላል፣ ግድግዳ መንካት ግን አዲስ ግንባታ ነው ተባሉ። እሳቸውም ተከራዮቹም እዚያው ባላ በደገፈው ቤት ክረምቱን ገቡ።

የከፍታው ገደብ ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። መሬት ውስን ነው፤ አስፋልት፣ የፍሳሽ መስመርና መብራት በተዘረጋበት መሀል ከተማ ላይ ሁሉም ምድር ቤት ብቻ ቢሠራ ከተማው ወደ ጎን እየተለጠጠ የገበሬ ማሳ ይበላል። በዋና መንገድ ዳር ያለ ሰፊ ቦታ ላይ ገደቡን እኔም እደግፋለሁ። መቶ ካሬ ላይ ሲሆን ግን ሒሳቡ አይሠራም። ጂ ፕላስ አራት ስታቆም መወጣጫ ደረጃው ብቻውን ከየወለሉ የአንድ መኝታ ቤት ቦታ ይወስዳል። ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ለማውጣት ደግሞ ከድንበር መራቅ አለ። የሚተርፈው ጠባብና ጨለማ ክፍል ነው። ወጪውም ሌላ ነው። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንጻ ከፍተኛው ምድብ በሆነው ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶታል፤ ሕንጻው ከፍ ሲል የአፈር ምርመራው፣ የስትራክቸር ስሌቱ፣ የባለሙያውና የተቋራጩ ደረጃ አብሮ ከፍ ይላል። በጡረታና በቤት ኪራይ የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ባንኩስ በምን ገቢው ያበድረዋል?

ስለዚህ ፕላኑ የፈለገው አምስት ወለልም አይሠራ፣ ሰውየው የሚችለው ሁለት ወለልም አይሠራ። ቦታው ባለበት ይቀራል። ዓመታት ሲያልፉ ባለቤቱ ይታክተውና ጎን ለጎን ያሉ ይዞታዎችን ለሚጠቀልል ገዢ፣ ቤት መሥራት የማይፈቀድበት ነውና በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። በቦታው የሚቆመው ሕንጻ ላይ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ የምትከራየው ክፍል አይኖርም። እሷ ከከተማው ዳር ወዳሉት ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሄዳ፣ ለሌሊት ፈረቃ በሁለት ታክሲ ትመላለሳለች፤ ታክሲ ካገኘች።

እነዚህ ጠባብ ይዞታዎች ከየት እንደመጡም ማስታወስ ይገባል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ግቢ በውርስ ለልጆች፣ ከልጆችም ለልጅ ልጆች ተከፋፍሏል። ትንሽ ይዞታ የመሀል ከተማው እውነታ ነው። ፕላን የሚያወጣ ሰው ከዚህ እውነታ መነሳት አለበት፤ እንደሌለ ቆጥሮ በካርታው ላይ ቀለም ቀብቶ ማለፍ አይችልም።

መንግሥት ቤት እስኪሠራልን እንጠብቅ እንዳንል የጠበቁትን አይተናል። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ በ2005 እንደገና ተመዝግበው፣ በየወሩ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የቆዩ ሰዎች በሐምሌ 2014 የ25,791 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ተስፋ አድርገው ነበር። ዕጣው በመረጃ መጭበርበር ተሰረዘ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ መውጣቱ ደግ ነው፤ የኪራይ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንም ደንግጓል። አዋጁ ግን የሚከራየውን ክፍል ቁጥር አይጨምርም። ክፍል የሚጨምረው ጓሮው ውስጥ ብሎኬት የሚደረድረው ባለይዞታ ነው፤ ከተማችን በብዛት ያከራየችውም በሰርቪስ ቤት እንጂ በአፓርታማ አይደለም። እሱን ነው ፈቃድ ክፍሉ ደጅ ላይ የምንመልሰው።

ይህን አሁን የማነሳው ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት እንዲያገለግል የተዘጋጀው የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ እያለቀ ስለሆነ ነው። ቀጣዩ ሲዘጋጅ ለትንንሽ ይዞታዎች የተለየ ድንጋጌ ይኑረው። ከዋና መንገድ ወደ ውስጥ በገቡ መንደሮች ከጂ ፕላስ አንድ ጀምሮ ይፈቀድ፤ አቅሙ ሲፈቅድለት ወደ ላይ እንዲቀጥል መሠረቱን ለሦስት ወይም ለአራት ወለል አስልቶ እንዲጥል ማስገደድ ይቻላል፤ ይህ በሙያችን አዲስ ነገር አይደለም። ሁለትና ሦስት ጎረቤቶች ካርታቸውን አዋህደው በጋራ እንሥራ ሲሉ ማዋሃጃው ዓመት የሚፈጅ ምልልስ አይሁን፤ የጋራ ሕንጻ ባለቤትነት ሕግ ያለን አገር ነን። የሚኖሩበት ቤት ሊወድቅ የደረሰ ሰው ደግሞ ፕላኑ ምንም ይበል ምን ግድግዳውን የማደስ ፈቃድ ያግኝ። ይኼኛው አዲሱን ፕላን የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፣ በደብዳቤ ሊፈታ ይችላል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይላል። እኛ ሰፈር ቅይጥ አገልግሎት እንደተባለ ብዙ ሰው ያወቀው ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። በዚህኛው ዙር ረቂቁ ሳይጸድቅ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ሰፈር ካርታ፣ የከፍታ ገደቡን ጨምሮ፣ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። እድሮችም ሰብሰብ ብለው የሚመለከቱበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ ስብሰባውን በቅዳሜ ወይም በእሑድ ቢያደርጉት ሠራተኛውም ይደርሳል። የሚመለከተው ክፍል ይህን ደብዳቤ ካነበበ፣ ከመቶ ሃያ ካሬ በታች ያሉ ባለይዞታዎችን በአዲሱ ፕላን እንዴት ሊያስተናግድ እንዳሰበ በዚሁ ጋዜጣ ቢመልስልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቤት ዲዛይን ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ