የሽቦ መኪናን እንደገና እንያት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አገር ውስጥ የልጆች መጫወቻ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይቺን የምጽፈው። እኔ ከፈርኒቸር ቤት በሚተርፍ ቁርጥራጭ እንጨት መጫወቻ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ጀማሪዎች ሁሌ "ዲዛይኑን ከየት ነው የምታመጪው?" ይሉኛል፣ መልሴን ሳይጠብቁ ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ፒንተረስት ላይ ያገኙትን ፎቶ ያሳዩኛል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ቀይ ጎተራ፣ ትራክተር፣ አሳማ ምናምን ያለው የእርሻ መጫወቻ ሠራሁ፣ ከኢንተርኔት ላይ እንዳለ የወሰድኩት። ልጆቹ ደረደሩት፣ ትንሽ አዩትና ተዉት። ሌላ ጊዜ ጆንያ የሚጫንባት አህያ ሠርቼ ወሰድኩ፣ ጆንያዎቹ ከጨርቅ የተሰፉ ናቸው፣ ውስጣቸው ሰጋቱራ ነው። ወዲያው አንዱ ነጋዴ ሆነ፣ አንዷ "ጤፉ ስንት ነው?" ብላ መከራከር ጀመረች፣ ሌላው አህያዋን "ሂጂ!" እያለ ክፍሉን አዞራት፣ መምህሯ ምሳ ሰዓት ላይ ማስቆም አቃታት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ልጅ የሚጫወተው በሚያውቀው ነገር ነው።

እስቲ የሽቦ መኪናን አስቧት። ከፊት ጎማዎቹ ተነስቶ እስከ ልጁ ሆድ የሚደርስ ረጅም ሽቦ አላት፣ ጫፉ ላይ መሪ ተጠምዝዟል። ልጁ ሳያጎነብስ ቆሞ፣ ሲፈልግም እየሮጠ ይነዳል፣ መሪውን ሲያዞር ጎማዎቹ ይዞራሉ። ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ መኪና ግን ወይ ልጁን ያንበረክከዋል ወይ ባትሪ ይጠይቃል። የሽቦ መኪናዋ ጎማ ከቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ ነው የሚሠራው፣ የቆርኪው ይንቀጫቀጫል፣ የሶሉ ኮብልስቶን ላይ ቆንጥጦ ይሄዳል። መኪናዋ ስትሰበር ደግሞ የሠራት ልጅ ራሱ ይጠግናታል! እኔ አሁን የምሸጣት የእንጨት መኪና ረጅም መሪ አላት፣ ሐሳቡን የወሰድኩት ሰፈራችን ካለ ልጅ ነው፣ ብሎኗም በእጅ የሚፈታ ነው።

የሽቦው ጫፍ እጅ እንደሚወጋ አውቃለሁ፣ የኛ ሥራ እሱን ማረም ነው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ ለትናንሾቹ በእንጨት መተካት። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ አንድ ቀላል መለኪያ ልንገራችሁ፣ የሶፍት መሀል ያለውን ካርቶን ያዙና ከመጫወቻው ሊነቀል የሚችለውን ነገር ክተቱበት፣ ካለፈ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፣ አትሥሩት። ቆርኪ ያልፋል።

ሐሳብ የት ይገኛል ለምትሉ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ፣ ከልጅነት እስከ ሞት ነው፣ ልጅነት ላይ ረጅም ጊዜ ቁሙ። የተቋሙ መሥራች ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ጽፈው አሳትመዋል፣ አንድ ገበጣ ብቻ ያለ ለሚመስለን ሰዎች ባለ ሁለት ረድፉም ባለ ሦስት ረድፉም እንዳለ ያሳያል፣ ከዛ ስንት ጨዋታ ይወጣል መሰላችሁ። ለዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ፣ ዝም ብላችሁ ዙሩ፣ የተቆረጠ በርሜልና የተፈታ ሞተር ስታዩ እጃችሁ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። ከውጭ ማየት ለሚፈልግ ሕንዳዊው አርቪንድ ጉፕታ ከቆሻሻ መጫወቻ እንዴት እንደሚሠራ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል፣ ክብሪት፣ ስትሮ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ እኛም ቤት ያለ ነገር ነው። አሜሪካ ሮቸስተር ያለው የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባዶ ካርቶን፣ በ2008 ተራ እንጨት ገብተዋል፣ ከነባርቢ እኩል!

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ አንባቢ በልጅነቱ በእጁ የሠራውን መጫወቻ በሥዕል ይላክ፣ ከምን እንደሠራው፣ በየትኛው ሰፈር፣ ጎማው በምን እንደታሰረ ይጻፍ። የጭቃ በሬ፣ የጨርቅ ኳስ፣ የቃጫ አሻንጉሊት፣ ያስታወሰውን። ይህን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። የሽቦ መኪናዋን ልኬት እኔ ስዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፣ በሱ ጀምሩ።

አክባሪያችሁ
መጫወቻ ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ