ለአባቴ፦ ከጭቃ ስለወጡት የስፌት መኪኖች

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ አልጠናብህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬም ቀዝቀዝ ብላለች፤ ማታ ማታ በር ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ የሚያስደስትበት ወቅት ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለውሃል። ሐጂ በተለይ ከመስጊድ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆም ሳይሉ አያልፉም፤ "አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል።

በስልክ ልመልስልህ ያልቻልኩትን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የእማዬን ሙት ዓመት አስበን አንተ ወደ እህቴ ቤት ከተመለስክ ወዲህ፣ በደወልኩ ቁጥር ድምፅህ እየሳሳ ነው የምሰማው። ባለፈው እሑድማ "ልጄ ቀደመኝ፣ ሚስቴ ቀደመችኝ፣ የሠራሁበት ባቡር እንኳ ቀደመኝ፤ እኔ ምን ልሠራ ነው የቀረሁት?" አልከኝ። እህቴ ስልኩን ተቀብላህ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደችው። ደንግጣ ነው፤ አትቀየማት። ጥያቄህ ግን በሌላ ወሬ የሚሸፈን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሳስተምር አብሮኝ ይውላል፤ ማታም አብሮኝ ያድራል።

"ለበጎ ነው" አልልህም። ይህን ቃል በቤታችን ማንም እንዳይናገረው ያደረግከው አንተ ራስህ ነህ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከበላያችን ካሉት ተራሮች የወረደው ዝናብ ከተማው ተኝቶ ሳለ ደቻቱን ሞልቶ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖር፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ ነው በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው የወሰደው። ወንድሜ ያን ሌሊት አክስቴ ቤት አድሮ ነበር። አክስቴን አግኝተን ቀበርናት። እሱን አላገኘነውም። ከባቡር ሠራተኛ ጓደኞችህ ጋር አካፋ ይዛችሁ፣ ከከተማው ወጥታችሁ ወንዙ አሸዋውን እስከሚበትንበት ሜዳ ድረስ ስትወርዱ፣ ማታ ልብስህ በጭቃ ደርቆ ስትመለስ፣ እማዬ ከበር ላይ ፊትህን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ውስጥ ስትገባ አስታውሳለሁ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው፣ ሊያጽናናህ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ "እግዚአብሔር ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው" ሲልህ ተነሥተህ ወጣህ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ነውር የተሠራ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዛሬ ግን እላለሁ፦ ልክ ነበርክ። ለአንድ ሕፃን በጎርፍ መወሰድ በጎ ምክንያት መፈለግ ሕፃኑን መበደል ነው። እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ፤ አንተም ታምናለህ። ለዚህ ሞት ግን ምክንያት አዘጋጅቼ አላቀርብልህም፤ አንተም ከኔ አትፈልግም።

የምነግርህ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ አይቼው አንተ ምናልባት ያላየኸው። ሰው የራሱን ጀርባ አያይምና።

ከሐዘኑ በኋላ ወደ ሥራ በተመለስክበት ሰሞን፣ አንድ ማታ አንድ ሰውዬ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ጎርፉ ሚስቱንም ሱቁንም ወስዶበታል። መኪናዋን ከጭቃ ቆፍሮ አውጥቷታል፤ ግን ጎማዋ አይዞርም። "በኪሎ ለቆራሌው ልሸጣት ነበር፤ ሰዎች ምድር ባቡር የሚሠራ ቶርነኛ አለ አሉኝ" አለህ። አንተ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከማንም ጋር ሁለት ቃል የማትነጋገር ሰው ነበርክ። "አስቀምጣት" አልከው፤ ሌላ ምንም አላልክም።

ጆንያ ግቢ ውስጥ አነጠፍክ። ሳፋ ላይ ናፍጣ ቀዳህ። እኔ ፋኖስ ያዥ ሆንኩ፤ የምትፈታቸውን ብሎኖች በቅደም ተከተላቸው በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እሰበስብልህ ነበር። ከውስጧ የወጣው ደለል ቡናማ፣ የሚሸት፣ እንደ ዱቄት የላመ ነበር። አሸዋዋን ከየቀዳዳው በዶሮ ላባ እየጠረግክ አወጣህ። መርፌውን የሚያወጣው የሚያወርደው ዘንግ ዝጎ ተበልቶ ነበርና በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ በቶርኖ አዲስ አውጥተህ መጣህ፤ ገና ትኩስ ይመስል እንዴት እንደሚያብረቀርቅ! ሁሉንም መልሰህ ገጠምክና ከአሮጌ የትምህርት ቤት ልብሴ ቁራጭ ጨርቅ አምጪ አልከኝ። ጎማውን በእጅህ አዞርከው፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጨርቋን ወደ ፋኖሱ አስጠግተህ ክሩን በጥፍርህ ሞከርከው፤ ከዚያም "ነገ መጥቶ ይውሰድ" ብለህ ልትታጠብ ገባህ።

ሰውዬው ሲመጣ ገንዘብ አልተቀበልከውም። "ዘይት አታብዛ፤ ከበዛ አቧራ ይይዛል። በየቅዳሜው ሁለት ጠብታ ይበቃታል" ብለህ ብቻ ሸኘኸው። ወሬው መጋላን አዳርሶ በሳምንቱ የግቢያችን ግንብ ሥር መኪኖች ተደረደሩ። ባለቤቶቻቸው ወንዱም ሴቱም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እያወሩ ይጠብቁህ ነበር። ብዙዎቹ ከኛ የባሰ የደረሰባቸው ናቸው፤ ልብሳቸው እንኳ ከእርዳታ የተሰጣቸው። ያን ጊዜ ነው እማዬ ከጓዳ የወጣችው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ጀበና አልነካችም ነበር። ሰዎቹን በመስኮት አየቻቸው፣ ምንም ሳትል ከሰል አያያዘች፣ ቡና ቆላች። ረከቦቱን ግቢ ውስጥ ዘርግታ ለማታውቃቸው ሰዎች ስትቀዳ፣ አንዲት እናት አጠገቧ ተቀምጣ የራሷን ልጆች ታሪክ ትነግራት ጀመር። ሁለቱም አለቀሱ። እማዬ ሌላ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየኋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል መቅመስ ጀመረች።

አባዬ፣ ሐዘንህ ቀለለልህ አልልም። ሌሊት ሌሊት ተነሥተህ የውጩን በር ከፍተህ ትቆም እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ለዓመታት ቆመሃል። ወንድሜን የሚተካ ነገር አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም። ግን አንተ በሕይወት ለመቆየት ምክንያት ፈልገህ አላገኘህም፤ ሰውዬው ነው በትከሻው ተሸክሞልህ የመጣው። አንተ ያደረግከው "አስቀምጣት" ማለት ነው። እኔ እስከ ዛሬ ስለ ተስፋ የማውቀው ይህን ነው። ክፍሌ ውስጥ እናት የሞተበት ልጅ ወይም ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ሲገባ፣ ምክር ሳይሆን ሥራ ነው የምሰጠው፦ ጠመኔውን እንዲያድል፣ ታናናሾቹን እንዲያስነብብ። የተማርኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ አይደለም።

ስለ ባቡሩም ልናገር። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ የአዲስ አበባው መስመር ሲቆም ለሁለተኛ ጊዜ ሐዘን ተቀምጠህ ነበር። ያኔም ለቅሶ የደረሱህ ሰዎች መኖራቸው ትክክል ነው፤ የሞተ ነገር ነበርና። ግን ለሠልጣኞችህ የምትነግራቸውን ታሪክ ላስታውስህ። ሐዲዱ በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ገንዘቡም አጠረ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ። በቆመበት ባዶ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ኩባንያው ከሰረና ሥራው ደግሞ ለዓመታት ተቋረጠ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። አንተ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ትቆጣ ነበር፤ "እነዚህ ዓመታት በታሪክ መጽሐፍ አንድ መስመር ናቸው፤ መሐንዲሱም ቀን ሠራተኛውም ግን ያልፋል ወይስ አያልፍም ሳያውቁ ነው የኖሩባቸው" ትላለህ። ልጆቹ ታሪኩን ረስተው ይሆናል፤ ቁጣህን ግን እርግጠኛ ነኝ አይረሱትም። ባቡሩ ቆመ ማለት ደግሞ ያስተማርካቸው እጆች ቆሙ ማለት አይደለም። ሳቢያን ብትሄድ፣ ቀፊራ ብትሄድ፣ ብረት የሚቆርጥና የሚበይድ ሁሉ "እኔ የእሳቸው ተማሪ ነኝ" የሚል አይጠፋም።

እማዬንም እንደ ባከነች አትቁጠራት። በ2010 ተፈናቃዮች ድሬ ሲገቡ ጉልበቷ አልችል እያላት እንጀራ ጋግራ በባጃጅ ስትወስድ፣ አንተ "ታመሻል፣ ተይ" ስትላት የመለሰችልህን አልረሳሁም፦ "ያኔ ለኛም አምጥተዋል።" ይኸው ነበር መልሷ።

አሁን ወደ ዛሬው ወሬ ልምጣ። በመስከረም ለተማሪዎቼ የደንብ ልብስ የሚያሰፋልኝ ፍለጋ መጋላ ወርጄ ነበር። ወላጆቻቸው መግዛት ለማይችሉ ልጆች ነው፤ ጨርቁን መምህራን አዋጥተን ገዝተናል። አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ አለችኝ። መኪናዋን አየሁ፤ ጥቁር፣ ወርቃማው ጌጥ የለቀቀ፣ በጎኗ ላይ ውኃ የበላት ቡናማ ጠባሳ ያላት። ልጅቷ ጨርቁን ስትለካ "ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ መጀመሪያ ዘይቷን ላጠጣት" አለችና ሁለት ጠብታ አንጠባጠበች። "ለምን ሁለት ብቻ?" ብዬ ጠየቅኋት። "አባቴ ነው፤ ከበዛ አቧራ ይይዛል ይላል" አለችኝ። ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ። አባቷ አርጅተው ቤት ውለዋል፤ እሷ ግን በዚያች መኪና ነው ያደገችው፣ በዚያች መኪና ነው ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሥታ አቀፈችኝ። ግማሹንም ዋጋ አልቀበልም ብላ ተጣላን፤ በግድ ነው ያስያዝኳት።

ሌላም አለ። የጎረቤታችንን የልጅ ልጅ ታስታውሰዋለህ፤ ባለፈው ዓመት እናቱ የሞተችበትን። ባጃጅ ጋራዥ ገብቷል። ማታ ማታ እየመጣ የመሣሪያ ሣጥንህን ካልከፈትሽልኝ ይለኛል። ሞረዶችህን በየመጠናቸው ይደረድራል፤ ካሊፐሩን አንሥቶ "ይሄ እንዴት ነው የሚነበበው?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ? የሚሠራበት ቦታ ዕቃ መቀየር እንጂ ዕቃ መሥራት አያስተምሩትም። ከእናቱ ሞት ወዲህ ብዙም አይናገርም፤ ስለ ብረት ሲጠይቅ ግን ዓይኑ ይከፈታል።

እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ደክሟል እንደምትለኝ አውቃለሁ። እጁ የእሱ ይሁን። ጆሮህ ግን አልደከመም፤ ሞተር ተነሥቶ ሳይጨርስ የቱ ጥርስ እንደተበላ የምትናገር ሰው ነህ። ልጁ የሚያስፈልገው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ሞረዱን አትጫነው፤ ሲሄድ ብቻ ይብላ" የሚለው ሰው ነው። ይህን ከተማ ውስጥ ሌላ ማን ይነግረዋል?

ቤቱ እማዬ የሌለችበት ቤት መሆኑን አልደብቅህም። ገብተህ ታለቅሳለህ። እኔም አለቅሳለሁ፤ አብረን እናለቅስ። ለእህቴ ሸክም ነኝ ብለህ ከሆነ የምትጨነቀው ተሳስተሃል፤ እንዳትሄድባት ነው የምትፈራው። ክረምቱን እሷ ጋር፣ በጋውን እኛ ጋር ሁን ብለን ተነጋግረናል።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንሄዳለን። እማዬ ለገብርኤል የተሳለችው ጥላ አለ፤ ገዝቼዋለሁ፣ አንተ ታስገባዋለህ። ስለዚህ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብለህ ተነሣ። አውቶቡስ ጉልበትህን ይጎዳዋልና በባቡር ና። አዲሱን ባቡር እስከ ዛሬ አልሳፈርም ብለሃል፤ ምክንያትህን አከብራለሁ፤ ለዚህ ጉዞ ግን ለኔ ስትል ተሳፈር። እህቴ ለቡ ጣቢያ ድረስ ታደርስሃለች፤ ትኬቱን ቀድማ ትቆርጣለች። እዚህ የሚያወርድህ ለገሃር ሳይሆን ከከተማ ወጣ ባለው ጣቢያ ነው፤ ልጁ በባጃጅ ይዞኝ ይመጣል፣ ሁለታችንም እዚያ እንጠብቅሃለን። ሽርጥህን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ለቁልቢ ግን ወፍራሙን ጋቢህን ያዝ፣ እዚያ ይበርዳል።

እህቴንና ልጆቿን ሳምልኝ። የምትመጣበትን ቀን ቁረጥና ደውልልኝ፤ ለሐጂም እነግራቸዋለሁ።

የምትወድህ ልጅህ