የፊልሙ መንፈስ ከየት መጣ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ዛር፣ ቡዳ፣ መተት ወይም የሞተ ሰው መንፈስ ያለበት ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ በወጣ ቁጥር በጥበብ ገጾች የምናነበው ሂስ ከሁለት አይዘልም። አንዱ «ባዕድ አምልኮ ያስፋፋል» ብሎ ያወግዛል፤ ሌላው «ባህላችንን አሳየ» ብሎ ያሞግሳል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ የታየውን መንፈስ አንድ ወጥ ነገር አድርገው ነው የሚወስዱት። ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር የምናስተምር ሰዎች ነን። ይኸው ችግር በመመረቂያ ጽሑፎችም ላይ ስለሚያጋጥመን፣ ልዕለ ተፈጥሮ በልብ ወለድና በፊልም ውስጥ እንዴት እንደሚጠና ለሂስ ጸሐፊዎችም ለተማሪዎችም የሚጠቅም ነገር ለመጻፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እምነቱ እውነት ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለሃይማኖት አባቶችና ለፈላስፎች እንተወው። የአጥኚው የመጀመሪያ ሥራ እያንዳንዱ የመንፈሱ ጠባይ መቼ እንደመጣ መፈለግ ነው። ቫምፓየርን እንውሰድ። ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠፋው ከምሥራቅ አውሮፓ ገበሬዎች በተወረሰ እምነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በብራም ስቶከር የ1897 ልብ ወለድ ግን ድራኩላ በጠራራ ቀን ለንደን መንገድ ላይ ይታያል፤ ቀን ላይ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። በፀሐይ መሞትን ያመጣው «ኖስፌራቱ» የተባለው የ1922 የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ፊልሙ ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለነበር የስቶከር ባለቤት ከሳ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ፍርድ ቤት ወስኖላታል። አንዳንዶቹ ተረፉ፤ በነሱም አማካይነት የአንድ ፊልም ፈጠራ ጥንታዊ እምነት መስሎ ዓለምን ዞረ።

ዞምቢም እንዲሁ ነው። በሄይቲ ዞምቢ የሚባለው፣ ቦኮር የተሰኘ አስማተኛ ከመቃብር አስነሥቶ እንደ ባሪያ የሚያሠራው፣ የራሱ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። ባርነትን ያየ ሕዝብ የፈራው መበላትን ሳይሆን ከሞቱ በኋላም ያለ ደመወዝ መሥራትን ነበር። «ኋይት ዞምቢ» የተባለው የ1932 የአሜሪካ ፊልም ዞምቢዎቹን በስኳር ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ስለሚያሳይ ለዚህ ቅርብ ነው። በ1968 ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ በፊልሙ አስማተኛውን አስወጥቶ ሙታኑን ሥጋ በላተኛ አደረጋቸው፤ በፊልሙ ንግግር ውስጥ ግን ዞምቢ የሚለው ቃል እንኳ አይሰማም። አንጎል መብላቱ ደግሞ ከ1985 ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ «የዞምቢ ተምሳሌትነት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የትኛውን ዞምቢ ማለቱ እንደሆነ ካልለየ ምንም አልጻፈም።

ወደ አገራችን እንምጣ። መንፈስ የያዘው ሰው የሚታይበት ትዕይንት ቢያንስ ከሦስት ምንጮች ሊቀዳ ይችላል። አንደኛው ዛር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጋር ጎንደር ቆይቶ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እየታገዘ የባለ ዛሮችን ሥርዓት መዝግቧል፤ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍም በዛር መያዝ ውስጥ ስላለው ትያትር ነው። ዛር ስም አለው፣ ጾታ አለው፣ ሃይማኖትና አገር አለው። ሲወርድ ፈረሱ፣ ማለትም የያዘው ሰው፣ ያጓራል፣ ዛሩም በገዛ ፉከራው ማንነቱን ያስታውቃል። ሽቶ፣ ልብስ፣ ቡና፣ መልኩ ተለይቶ የተነገረ ዶሮ ወይም በግ ይጠይቃል። ካገኘ ይረጋል፤ ግብሩ ካልተጓደለበትም ከፈረሱ ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል። ጉዳዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድርድር ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጸበል ቤት ነው። እዚያ መንፈሱ በመስቀልና በውሃ ተገዶ ይለፈልፋል፤ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደያዘ፣ ማን እንደላከው ይናዘዛል፤ ምሎና ጮኾ ይወጣል። እንዲረጋጋ የሚሰጠው ነገር የለም። ሦስተኛው ምንጭ ከ1973 ጀምሮ ከሆሊዉድ የተሰራጨው ነው፦ ከአልጋ ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ሰውነት፣ ወደ ኋላ የሚዞር አንገት፣ ከልጃገረድ ጉሮሮ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ። አንድ ዳይሬክተር ሦስቱንም ቢቀላቅል መብቱ ነው፤ አንዳንዴም ጥሩ ይወጣለታል። የሂስ ጸሐፊው ግን መለየት አለበት፤ ለመለየትም ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። መንፈሱ ስም አለው? ምን ጠየቀ? ነገሩ በስምምነት አለቀ ወይስ በመባረር? ስም የሌለው፣ ምንም የማይጠይቅ፣ አልጋ የሚያንሳፍፍ መንፈስ ነጭ ሻማና ነጠላ ቢከቡትም ጎንደሬ አይሆንም።

ክታብ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። ክታብ የመጠበቂያ ዕቃ ነው። ብራናው ብዙ ጊዜ ከራስ እስከ እግር እንዲከልል በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ የክርስትና ስሙ በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን የወጋበት ታሪክ በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል፤ ፍቁ ብራናው ላይ በዓይን ይታያል። በር ሥር የሚቀበረው፣ ሰው ረግጦት የሚታመመው ነገር ግን መተት ነው፤ ዕቃውም ዓላማውም ሌላ ነው። ፊልሙ ክታብን የመርገም ዕቃ አድርጎ ካቀረበ ሂሱ ይህን ይበል። ልዩነቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ ቢል ይጠቀማል።

ተማሪዎች በብዛት የሚጠቅሱት የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ አጥኚውን ቶዶሮቭን ነው። በ1970 መጽሐፉ እንዳለው፣ አንባቢው «ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው ወይስ ከተፈጥሮ በላይ?» ብሎ እስካመነታ ድረስ ሥራው ድንቃዊ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ አንዱ ሲያደላ ወደ ጎረቤት ዘርፍ ይሻገራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኛ ዘንድ እንዳለ ሲገለበጥ ግን ይሰበራል። ለአብዛኛው ተመልካቻችን መንፈስ መኖሩ አያጠራጥርም። የሚያመነታው ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ይህች ልጅ የታመመችው በመንፈስ ነው፣ በሰው ተንኮል ነው ወይስ በበሽታ? አጥኚው የማመንታቱን ቦታ ወደዚህ ካላዛወረ ፊልሙ «ማመንታት የለውም» ብሎ ይደመድማል፤ ተመልካቹ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጨነቅ ቆይቷል። የተረት አጥኚው ፕሮፕ የዘረዘራቸው 31 ተግባራትም (ተረቱን ወደፊት የሚገፉ የገጸ ባሕርያት ድርጊቶች) ከሩሲያ ተረት የወጡ ስለሆኑ ለ40 ክፍል ድራማ በግድ ባይለበጡ ይሻላል። የፎክሎር አጥኚው ስቲዝ ቶምሰን የሞቲፍ፣ ማለትም በተረቶች የሚደጋገሙ ነገሮች፣ ማውጫ ለማነጻጸር ይረዳል፤ አስማት በ«ዲ»፣ ሙታን በ«ኢ» ፊደል ሥር ናቸው፤ ቡዳን የሚመስለው ክፉ ዓይን ዲ2071 ላይ አለ። ቁጥሩ ተገኘ ማለት ግን ጥናቱ አለቀ ማለት አይደለም፤ የአፍሪካ ነገርም እዚያ ሳስቶ ነው ያለው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ፊልሙን በትዕይንት ከፋፍሎ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግድ ነው። ለያንዳንዱ ትዕይንት የሚሞሉት ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ ደቂቃና ሰከንድ፤ መንፈሱን ማን አየ፣ አጠገቡ ቆሞ ማን አላየም፤ ካሜራው በማን ዓይን ነው፤ ድምፁና ሙዚቃው ከምስሉ ይቀድማል ወይስ ይከተላል፤ ገጸ ባሕርያቱ ምን ምክንያት ሰጡ፤ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ማን ሰጠ፤ ዋጋውን ማን ከፈለ፤ የተከሰሰው ሰው ሥራና ጾታ ምንድን ነው። መጀመሪያ እንደ ተመልካች አንዴ ሳያቋርጡ ይታያል፤ ከዚያ እያቆሙ ይሞላል፤ በመጨረሻ ድምፁን አጥፍቶ ይታያል። ድምፅ ሲጠፋ አስፈሪ የነበረው ትዕይንት ባዶ ኮሪደር ብቻ ሆኖ ከቀረ ፍርሃቱን የሠራው ሙዚቃው ነው፤ ስለ ምስል አጻጻፍ ሦስት ገጽ መጻፍ አያስፈልግም። ለ90 ደቂቃ ፊልም አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይመደብለት።

«ዋጋውን ማን ከፈለ» የሚለውን ዓምድ ተማሪዎች ይዘሉታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጥናቱ ፍሬ እዚያ ነው። የናይጄሪያን የቪዲዮ ፊልም ኢንዱስትሪ ያስነሣው የ1992 ፊልም ሀብት ለማግኘት ሚስቱን ስለሠዋ ሰው ነው፤ ባለጸጋ ይሆናል፣ የሚስቱ መንፈስ ግን ይከታተለዋል። ስለ መንፈስ ብቻ ያየው ሰው ፊልሙ የሚያወራውን ገንዘብ አያየውም። አንትሮፖሎጂስቷ ቢርጊት ማየርም ስለ ጋና ቪዲዮ ፊልሞች በ2015 ባሳተመችው ጥናት ልዕለ ተፈጥሮን ከከተማ ኑሮ፣ ከሀብትና ከጴንጤቆስጤ እምነት ጋር አያይዛ ነው ያነበበችው።

የተከሰሰው ሰው ሥራ የሚለው ዓምድ ደግሞ ስለ ቡዳ ነው። ቡዳ በእምነቱ መንፈስ ሳይሆን ሰው ነው፤ ቡዳ ነው ሲባል የኖረውም ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂው፣ ሸማኔው ነው። ቤተ እስራኤልም ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ኖረዋል፤ ሐጋር ሳላሞን ወደ እስራኤል የሄዱትን ጠይቃ በ1999 ያሳተመችው ጥናት ይህን በሰፊው ይዘረዝራል። ደራሲው ቡዳውን ሸክላ ሠሪ ካደረገው ጉዳዩ የማስፈራራት ጥበብ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሂሱም ሰውዬው ምን እየሠራ እንደሚኖር ማንሳት አለበት።

ሰንጠረዡን አንድ ሰው ብቻ መሙላት የለበትም። ሁለተኛ ሰው ከትዕይንቶቹ ቢያንስ አምስተኛውን እጅ የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ ይሙላ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት መስማማትን በመቶኛ ብቻ መዘገብ ነው። 100 ትዕይንት አለ እንበል። ሁለቱም «መንፈስ የለም» ያሉት 85፣ ሁለቱም «አለ» ያሉት 3፣ የተለያዩበት 12 (እያንዳንዳቸው ሌላው ያላየውን 6 አይተዋል)። መስማማታቸው 88 በመቶ ነው፤ ያስጨበጭባል። በአጋጣሚ ብቻ ሊስማሙ የሚችሉበት ድርሻ ግን 84 በመቶ ገደማ ስለሆነ የአጋጣሚውን ድርሻ ቀንሶ መስማማትን የሚለካው የኮኸን ካፓ (1 ሙሉ መስማማት ነው) ወደ 0.27 ይወርዳል። ማለትም መንፈስ ምን እንደሆነ አልተግባቡም፤ የተግባቡት መንፈስ በሌለባቸው ትዕይንቶች ላይ ነው። መፍትሔው ተጨማሪ ፊልም ማየት አይደለም፤ የዓምዱን ብያኔ እንደገና ጽፎ ከመጀመሪያው መሙላት ነው።

ተመልካች የሚጠየቅ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሰው ያለበት ቡድን ይበቃል፤ የጥያቄው ቅደም ተከተል ግን ወሳኝ ነው። «በመንፈስ ታምናለህ?» ተብሎ የተጀመረለት ሰው ወይ እምነቱን ይከላከላል ወይ የተማረ መስሎ ለመታየት ይክዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ የሚሰጠው መልስ ሁሉ በዚያ የተቃኘ ነው። «ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ መጀመር ይሻላል። መልሱ «ተበልታ ነው»፣ «ቅናት ነው» ወይም «ጭንቀት ነው» ሲሆን፣ ቅድም ያልነው ማመንታት የት እንዳለ ሳይጠየቅ ይወጣል።

በመጨረሻ ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለን። ሕፃናት በተከታታይ የሚሞቱባት እናት ታሪክ በሾተላይ መንፈስ ሲተረክ፣ ሂሱ ፊልሙ ውስጥ የደም ምርመራ ተነሥቶ እንደሆነ አብሮ ይጥቀስ። የእናትየው ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ በሰላም ይወለዳል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ የእናትየው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ካመረተ በኋላ ግን መርፌው አይሠራም። ደራሲው መንፈሱን የመምረጥ ነጻነት አለው፤ ከሂሱ ጎን ግን እነዚህን ሁለት ቀጠሮዎች የያዘች ትንሽ ሳጥን ብታወጡ የምትወስደው ቦታ አራት መስመር ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የሥነ ጽሑፍና የፎክሎር መምህራን
አዲስ አበባ