ክቡር ኃላፊ፣ ሚሺጋን ፊንላንድ አይደለችም

ይድረስ፦ የትምህርት ማስረጃዬ ጠረጴዛዎ ላይ ለከረመው ክቡር ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማኅተም መትቶልኛል። መልስ ግን የለም። እንግዲህ ሰው እየሰማን እንነጋገር።

ዲግሪዬን ያገኘሁት አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሃንኮክ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የተማርኩበት ፊንላንዲያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ጥፋቴም ይኸው ስሙ ሆነ። ዲግሪዬ ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑ ተረጋግጦ አቻ ግምት እንዲሰጠኝ እናንተ ጋ ሳመለክት፣ መስኮት ላይ ያለው ባለሙያዎ ስሙን አየና «አገር፦ ፊንላንድ» ብሎ ሞላ። «ወንድሜ፣ አሜሪካ ነው እኮ» አልኩት። «ፊንላንዲያ ይላል አይደል?» አለኝ። ከዚያ የፊንላንድ መንግሥት ያረጋገጠው ሰነድ አምጣ ተባልኩ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ከነአድራሻው ሚሺጋን ይላል። ማን ያንብበው?

ፊንላንድን በካርታ እንጂ በአካል አላውቃትም። የፊንላንድ ስደተኞች ወደ ሃንኮክ አካባቢ የሄዱት መዳብ ሊቆፍሩ ነው። እኛ ሰው አገር ስንገባ ዕድር እንደምናቋቁመው፣ እነሱም በሉተራን ቤተ ክርስቲያናቸው በኩል በፈረንጆቹ 1896 ሱኦሚ ኮሌጅን ከፈቱ። ሱኦሚ በቋንቋቸው ፊንላንድ ማለት ነው። በ2000 ደግሞ ስሙ ፊንላንዲያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐዋሳ ላይ ለንደን የሚባል ካፌ ቢከፈት ግብሩን የሚሰበስበው የእንግሊዝ መንግሥት ነው?

«ለማረም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይጻፍልን» አለ ባለሙያዎ። ዩኒቨርሲቲው እኮ የለም! ዕዳ ከብዶት፣ ተማሪ አንሶት፣ በ127 ዓመቱ በ2023 ተዘጋ። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያውስ የመዘጋቱን ማረጋገጫ ከዩኒቨርሲቲው አምጣ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ለዚህች ለአንዲት ቃል ከሐዋሳ አዲስ አበባ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መሄጃው ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት መነኸሪያ ነኝ። እናንተ ጋ ስደርስ ወይ ሲስተም የለም፣ ወይ ስብሰባ ላይ ናችሁ። እናቴ «ልጄ፣ እጅህን እያዩ እንዳይሆን» ትላለች። እኔ እንኳን እንደዚያ አላልኩም።

እዚህ ሐዋሳ ያገኘሁት ሥራ አቻ ግምቱን አንድ ወር ጠበቀኝ። ከዚያ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቀጣሪዎቼን አልወቅስም፤ እስከ መቼ ይጠብቁ?

መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ባለሙያዎ የሞላውን ስህተት የምታርሙት እናንተ ናችሁ፤ የተዘጋ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። «ፊንላንድ» የሚለው ይሰረዝና «አሜሪካ» ይባል። ባለሙያዎ እስክሪብቶ ካለቀበት፣ ማክሰኞ ስመጣ ይዤለት እመጣለሁ።

ባለጉዳዩ፣ ከሐዋሳ