ሱቁ ሳይከፈት ለአንተ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣ ጎባ

እንደምን ከርመሃል? እማማ ጉልበታቸው እንዴት አደረጋቸው? ልጆቹስ? ሳልጽፍልህ ብዙ ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ስለ ቤቱ ጣሪያ የምልህ እያጣሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ስለ እሱ ወደ ታች እነግርሃለሁ። አሁን የምጽፈው ሆዴ ውስጥ መያዝ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። ደግሞም፣ ምን አሽሞነሞነኝ፣ የአንተ እጅ አስፈልጎኛል።

ሱቅ ልከፍት ነው! የፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመድ፣ ዕቃ መሸጫ። ያ ዲንሾ የሚመጣው ጢማም ፈረንጅ ወብ ወንዝ ዳር ቆሞ ከራሱ በላይ ወዲያና ወዲህ ሲያወናጭፈው የነበረው ረጅም ዘንግ፣ ወፍራሙ ቢጫ ገመድ፣ ከላባና ከክር የተሠሩት ዝንቦች... አዎ፣ እሱኑ ነው የምሸጠው። ከሳጥኑ አንዷን አንስተህ ኮትህ ውስጥ የሸጎጥካት አንተ ነህ፤ እኔ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን የዕቃው ነጋዴ ሆኛለሁና ሒሳቡን ልጠይቅህ መብት አለኝ።

ቦታው ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ናት፣ ሃቫና ከሚባለው መንገድ ገባ ብሎ። አንድ ጎኑ የኮሪያ ምግብ ቤት፣ ሌላው ጎኑ የእኛው ሰው እንጀራና በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ። ሌሎቹ የዕቃው ሱቆች ወደ ወንዙ በሚወስደው በኩል ተሰብስበው ሲኖሩ እኔ ብቻዬን በምሥራቅ በኩል ቀረሁ። ኪራዩ ስለቀለለኝ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሰፈሩን ስለማውቀው ነው። ቢሆንም ሌሊት ተነስቼ ይህንኑ አስባለሁ። ወንዝ ለመውረድ የተነሳ ሰው መንገዱን ለምን ወደ እኔ ያጠማዝዛል?

ነገሩ እንዲገባህ ወንዙን ልንገርህ። ሳውዝ ፕላት ይባላል፤ ከተራራው ወርዶ መሐል ዴንቨርን ሰንጥቆ ያልፋል። ላይኛው ክፍሉ፣ ከቺዝማን ግድብ በታች እስከ ዴከርስ ያለው፣ ከመላው አገር ሰው የሚመጣበት፣ ትራውት የሚባለው ዓሣ ውሃ ነው። ከግድቡ ሥር ስለሚወጣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ታየዋለህ። ዓሣውም አንተን ያይሃል። ሸለቆው ውስጥ ትል የለ፣ ሊጥ የለ፤ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው፤ የተያዘው ትራውት ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ይለቀቃል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ‘ታዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?’ ይሉኛል። እኔ ግን አንድ የተለቀቀ ትራውት ጅራቱን መትቶ ወደ ጥልቁ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ያ ወብ ዳር ያለቀስንለት ትልቁ ዓሣ ይመጣብኛል። አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። እዚህ ያሉት የዕቃው ሱቆች አንዳንዶቹ በዕድሜ ከእኛ አያንሱም። አንዱ ውስጥ ለዓመታት መሥራቴን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ጓዳ ሳጥን እየከፈትኩ፣ በኋላ ባንኮኒው ላይ። ልወጣ ነው ብዬ ስነግረው ባለቤቱ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና በፈረንጆቹ 2002 የሄይማን እሳት የወንዙን ዳር ደን ሲበላ የሆነውን አወራኝ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አመዱና አፈሩ ወንዙ ውስጥ ይናድ ነበር፣ ዓሣውም አለቀ፣ ደንበኛውም ጠፋ። ሱቁን ያተረፈው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዝንብ። ዘንግ ሰው በስንት ዓመቱ አንዴ ይገዛል፤ ዝንብ ግን ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ድንጋይ ሥር ይቀራል፣ ቅዳሜ የገዛው ሰው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ወንዝ የሚሄደውም፣ ሐይቅ የሚሄደውም ያው ዝንብ ይፈልጋል። ይህን የነገረኝ ነገ ተፎካካሪው የምሆነው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጎን ሱቅ መክፈት ያሳፍራል፤ ያኮራልም።

እሱ ያለው እውነት መሆኑን ደግሞ ዕቃ ማዘዝ ስጀምር አየሁት። ስማቸው የገነነ የዘንግ ፋብሪካዎች በአንድ አካባቢ ለብዙ ሱቅ አይሰጡም፤ አሮጌ ደንበኛቸውን ይጠብቃሉ። የአንዱ ወኪል ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ቡናዬን ጠጥቶ፣ በጣም በትሕትና ‘እዚህ ከተማ ውስጥ በቂ ሱቅ አለን’ ብሎኝ ሄደ። ሌላው እሺ አለኝ፤ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ከዚህ አይነስ ብሎ የጠራልኝ ገንዘብ የሱቁን የዓመት ኪራይ የሚያህል ነው። ሰው ወንዝ ወስዶ እያስተማሩ ገንዘብ መሥራትም አለ፤ ትልልቆቹ ሱቆች ከእሱ ጥሩ ገቢ ያገኛሉ። ነገር ግን በመንግሥት ደን ውስጥ ለዚያ ሥራ የደን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ውስን ነው፣ የያዙትም ነባሮቹ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳዬን የምሞላው በምንድን ነው እያልኩ ስዞር ከረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ልንገርህ። ሪም ቹንግ ይባላል። ከኮሪያ መጥቶ ዴንቨር የኖረ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለዚሁ ወንዝ ብሎ አርኤስ2 የምትባል ዝንብ ሠራ፤ ሁለት ቀጭን ጅራት፣ ጠቆር ያለ ገላ፣ ትንሽ ክንፍ፣ በቃ። ዛሬ በዚህ ከተማ እሷን የማይሸጥ የፍላይ ሱቅ የለም፣ ሳይዛት ወንዝ የሚወርድም ሰው ጥቂት ነው። ባንኮኒ ላይ ቆሜ ስሸጣት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማኛል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ወንዙን ከባለአገሩ እኩል አይቶታል ማለት ነው።

እና ዝንቡን ራሴ ለማምጣት አሰብኩ። ሱቆቹ የሚሸጡት ዝንብ አብዛኛው የሚሠራው ታይላንድ፣ ስሪ ላንካ፣ ኬንያ ነው። ኬንያ ይህን ሥራ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። ጓዳ ስሠራ ‘ኬንያ’ የሚል ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር አንተ ትመጣብኝ ነበር። የእኛ ትራውትም እኮ በጃንሆይ ዘመን ከኬንያ ነው የመጣው! ዓሣው መጥቶ ዝንቡ ለምን ይቀራል?

ገባህ መሰለኝ ወዴት እንደምሄድ። እህትህና እነዚያ ጥልፍ የሚሠሩት ልጆች። የእህትህን እጅ አውቀዋለሁ፤ ያን የሠርግ ጥበብ ስትጠልፍ ክሩ ሲገባና ሲወጣ አይታይም ነበር። ይህም ሥራ ክር ነው፤ ጨርቁ ብቻ መንጠቆ ሆነ። አንተ ደግሞ የአባትህ ሞርሳ አለችህ፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ ናት፤ ጠረጴዛ ላይ የምትታሰር ትንሽ ሞርሳ እልክልሃለሁ። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ሱቅህ ሲቀዘቅዝ ልጆቹን ወደ ቤት እንደምትሰድዳቸው ነግረኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ይሞክሩት እላለሁ።

የምጀምረው በቀላሏ ነው፣ ዜብራ ሚጅ በምትባለው። መጀመሪያ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጨሌ መንጠቆው ላይ ይገባል። መንጠቆው ሞርሳው ላይ ይታሰርና ጥቁር ክር ከጨሌው ጀምሮ እስከ ጀርባው መታጠፊያ ይጠመጠማል፤ በላዩ ቀጭን የብር ቀለም ሽቦ በእኩል ርቀት ይዞራል፤ ከጨሌው ሥር ተቋጥሮ ይቆረጣል። ዋናው ነገር ያ የመጨረሻው ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ከላላ ዓሣ ሳይነካት ትፈታለች፣ ደንበኛውም ሁለተኛ አይመጣም። የመንጠቆው ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፤ የምልክልህ 18 እና 20 ናቸው፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ። መነጽርህን አውጥተህ አድርግ፤ አርጅተሃል፣ እኔ ፊት መደበቅ የለብህም።

ላባ ያለባትን ለኋላ አቆይቻታለሁ፤ ላባ ወደ አሜሪካ ሲገባ ወረቀት ይጠየቅበታል፣ መጀመሪያ እሱን ላጣራ። ላባ ስል ግን፣ እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ዴልታ የምትባል ከተማ ለዚህ ሥራ ብቻ አውራ ዶሮ የሚያረባ ዋይቲንግ የሚባል እርሻ አለ። የአንገቱና የጀርባው ላባ ረጅምና ቀጭን እንዲሆን እየመረጡ ያዳቅሉታል። በፈረንጆቹ 2011 ሴቶች ይህን ላባ ፀጉራቸው ላይ ማሰር ፋሽን አድርገውት ዓሣ አጥማጁ የሚገዛው አጥቶ ነበር። ይህን ስሰማ የእማማ ቀይ አውራ ዶሮ ትዝ አለኝ። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ አንገቱን መላጣ ያደረግነው። ቀበሮ ነው ብለህ ዓይንህን ሳታሽ የዋሸኸው አንተ ነህ።

ስለ ገንዘቡ መጻፍ ከበደኝ፤ ይህን አንቀጽ ጽፌ ሰርዤ ነው እንደገና የጀመርኩት። እዚህ አንዲት ዝንብ ሁለት ዶላር ከምናምን፣ ሦስትም ትሸጣለች። ከዚያ ላይ ከውጭ አስመጪው 10 በመቶ የፌዴራል ግብር ይከፍላል፤ ገንዘቡ መልሶ ለዓሣና ለውሃ ጥበቃ ስለሚውል አይቆጨኝም። ማጓጓዣ አለ፣ ኪራይ አለ። እንዲህ እየቀነሱ ሄደው ሠሪዋ ዘንድ ሲደርሱ ሳንቲም የሚያስቀሩ አሉ። እኔ ከእህትህ ጋር እንደዚያ አልነጋገርም። በደርዘን እንስማማ፤ ዕቃው ሲደርሰኝ እከፍላለሁ እንጂ ተሸጦ እስኪያልቅ አላስጠብቅም። ዋጋውን እሷ ትጥራ። አልችለውም የምለው ከሆነ አልችልም እላታለሁ፤ እሷም ይቺ አትበቃኝም ትበለኝ። ደርዘኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ በዚህ ላይ ወዳጅነት አያድነንም።

አሁን ጣሪያው። ለቆርቆሮው ያልኩህ ገንዘብ ሱቁ ውስጥ ገብቷል። ዕቁቤም ደርሶኝ እሱም ገብቷል። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሌሊት ሆስፒታል ሠርታ መጥታ ከእኔ ጋር መደርደሪያ ቀለም ስትቀባ አየኋትና አንተ ምን ትላለህ የሚለው ብቻ ቀረኝ። አንተ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመህ ያሠራኸው ግድግዳ ነው፤ መጀመሪያ ላንተ መናገር ይገባኝ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት ግድግዳው አናት ላይ ላስቲክ የሚያለብስ ሰው ፈልግልኝ፤ የዚያን ያህል ገንዘብ አላጣም። ለእናቴ ግን እባክህ አሁን አትንገራት። ሱቁ ተከፍቶ ፎቶውን ሳሳያት ይሻላታል።

ሌሎቹ የማያደርጉት አንድ ነገር አለኝ፣ እሱን ልንገርህና ልጨርስ። የሃቫናን ልጆች። እዚህ የተወለዱ የእኛ ልጆች ቅዳሜ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ቼሪ ክሪክ የሚባለው ሐይቅም አጠገባችን ነው። ዘንግ በነፃ እያዋስኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ልወስዳቸው ነው። አባቶቻቸው ዳር ቆመው ያወራሉ፣ ልጆቹ ያጠምዳሉ። ይህ ሽያጭ ይሁን አይሁን ብዙ አልጨነቅበትም። ይህን ሳስብ ብቻ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የምከፍተው ለሚያዝያ ነው። ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ትንሿን ሞርሳ፣ መንጠቆ፣ ጨሌ፣ ክርና ሽቦ፣ ሦስት የተሠሩ ዝንቦችም ለናሙና እሰድዳለሁ። አንዷን በምላጭ ቆርጣችሁ አፍታቷት፤ እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው። እህትህ ሥራውን ከጠላችው አትጫናት። ‘አይሆንም’ ካላችሁኝ ከኬንያ እገዛለሁ፣ በእኔና በአንተ መካከል ምንም አይለወጥም። ግን ቶሎ ንገረኝ፤ የኬንያው ትእዛዝ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውል፤ እኔ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ ከባለቤቴ ጋር ቡና ላይ ታገኘናለህ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ከዴንቨር

እረስቼው፦ ለሱቁ እስካሁን ስም አላወጣሁም። ‘ዲንሾ’ ልለው ነው ያሰብኩት። ቅር የሚልህ ከሆነ ሰሌዳው ሳይጻፍ ንገረኝ።