ሙሽራዋ ጀሪካን

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ የቅዳሜው ቮይስሽ እንቅልፍ ነስቶኛል። አባዬና ማሙሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው? በአንዲት ጀሪካን?

ሁለት ወር የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ እንጂ ጨክኜ አይደለም። ትናንት 20 ሺህ ብር ልኬያለሁ። ለአባዬ የግፊት መድኃኒትና ለሚጣ ቬሎ ኪራይ ነው። መድኃኒቱ ይቅደም፤ "ተሽሎኛል" ቢልሽ እንዳትሰሚው።

ማሙሽ ያጣላቸውን ያንን "ሥዕሉን" ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ያቺ በፌስታል የምንወትፋት ቢጫ ጀሪካን ያንቺን ጥበብ ነጠላ ተከናንባ ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። ከሥሯ "ሙሽራ መጣች" ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። እኛ ሰፈር፣ ካራ፣ ውኃ በሳምንት አንድ ሌሊት ስትመጣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚሆን ረሳችሁት? አባዬ ራሱ በጋቢው ባልዲ ይዞ ሲሮጥ!

"ይሄ ነው ሥዕል?" ማለቱን ግን አልፈርድበትም። እዚህ ለንደን ቴት ሞደርን የሚባል ሙዚየም አለ። መግቢያው ነፃ ነው፣ ደሞ ይሞቃል። አንድ ቀን ስገባ የወንዶች መሽኛ በክብር ተቀምጧል። ማርሴል ዱሻም የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ለኤግዚቢሽን የላከው ነው፤ "አር. ሙት" የሚል የሐሰት ስም ፈርሞበት። "የከፈለ ሰው ያመጣውን ሁሉ እናሳያለን" ያሉት አዘጋጆች ሲያዩት ደነገጡና ቃላቸውን አጠፉ። ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። ዋናው ጠፍቷል፤ እኔ ያየሁት በ1964 የተሠራውን ቅጂ ነው። ፈዝዤ ሳየው ጥበቃው ፈገግ አለልኝ። ጥበብ የገባኝ መስሎት ነው። እኔ በምን እንደሚጸዳ ነበር የማስበው። ቢሮ ነው የምሠራው ያልኩሽ ውሸት አይደለም እማዬ፤ ቢሮ ውስጥ ነው። ሌላውን ተይው።

ሁሉም ያስቀኛል ማለቴ አይደለም። ማውሪሲዮ ካቴላን የሚባል ጣሊያናዊ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ገዢው በላው። ለጨረታው የቀረበው ሙዝ ከጨረታ ቤቱ ደጅ በ35 ሳንቲም የተገዛ ነበር። ሻጩ ከባንግላዴሽ የመጣ ሽማግሌ ነው። ዋጋውን ሲነግሩት አለቀሰ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሙዙ አያስቀኝም። ማሙሽ ግን የሳቀው በራሳችን ጥም ነው።

አባዬ የቅኔ ቤት ልጅ አይደል? እንዲህ በይልኝ፦ ጀሪካኗ ሰም ናት፣ ወርቁ አንተ ሌሊት ቁጭ ብለህ የምትጠብቃት ውኃ ናት። ማሙሽ ያጠፋው ነጠላሽን ሳያስፈቅድ መውሰዱ ነው። እሱን ይቅርታ ይጠይቅ።

ሚጣዬ "እኔን ነው ጀሪካን ያለኝ" ብላ ማልቀሷ አንጀቴን በላው። ሰርግ ሲደርስ ሁሉም ነገር ያስለቅሳል። አጠገቧ ሆኜ ሹሩባዋን መሥራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ወረቀቴ አላለቀም፤ አልደርስም። አንቺው ንገሪያት፣ እኔ አልችልም።

እዚህ ባልዲ ስሞላ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በጨለማ ጀሪካን መሙላቱን በድምፁ ነበር የምናውቀው።

ረቡዕ ሌሊት ውኃ ስትመጣ ደውይልኝ። ማሙሽ ይቅዳ፣ አባዬ ይቀበለው። ስልኩን ቧንቧው አጠገብ አስቀምጪው። በዚያ ሰዓት እኔም ነቅቼ ነው ያለሁት።

ልጅሽ